በዕጣ የሚታደል መድኃኒት

ቆሰበር፤ መጋቢት ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለምወድህ፣ ለምኮራብህ፣ በዚህ ሰሞን ደግሞ እጅግ ለተቀየምሁህ ልጄ ለዶክተር አስማረ አበረ፤
እንግሊዝ አገር።

«እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር። እናትህ ግን አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ የምጽፈውን ጮክ ብዬ እያነበብሁ እንድጽፍም አዝዛኛለች። ይህችን ስትሰማ እንዝርቷን አቁማ «አንቱ፣ በጾም ውሸት አይጻፉ» አለችኝ። ስለዚህ እውነቱን ልጻፍልህ፤ ከጥር ጊዮርጊስ ጀምሮ ተኝቻለሁ፤ ከሕመሙ ይልቅ መተኛቱ ገድሎኛል።

አንተ ባሕር ማዶ ሆነህ «ከአልጋ እንዳይነሣ» ብለህ በቴሌግራም የፈረድህብኝን ፍርድ እናትህ ታስፈጽማለች። በአጥቢያ ዳኝነቴ ዘመን ያሰርሁት ሰው እንኳ ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ ይወጣ ነበር። የኔ ጫማ ግን የት እንደተደበቀ አላውቅም። ጢሜን የሚላጨኝ ሰው ነው። ዳማ ፈረሴ ከጋጣው ሲያሽካካ እሰማለሁ፤ ሌላ ሰው ውሃ ሊያጠጣ እየጎተተ ሲወስደውም በግድግዳው ስንጥቅ አያለሁ። የነፍስ አባታችን ቄስ ምህረቴ «የታመመ ሰው ጾም የለበትም» ብለው ፈቱኝና በዚህ በትልቁ ጾም፣ ከነሽበቴ፣ ወተት እጠጣለሁ። ስጠጣ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አየህ የደረስሁበትን?

አንተ ግን አልራራህልኝም። ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ደብዳቤህ እንደ ቆሎ ተማሪ ገሠጽኸኝ። «አባቴ፣ ያን ዕለት በፈረስ ቤትዎ ባይገቡ ኖሮ ከልብዎ ሥጋ ብዙው ይተርፍ ነበር» ትለኛለህ። እኅትህ ስሜነሽ ነገሩን አሳጥራ እንደጻፈችልህ ገብቶኛል፤ እስቲ እኔ ልንገርህና ፍረድ።

የጊዮርጊስ ለት የፈረሰኛ ማኅበራችን እንደ ወትሮው ሜዳ ወርዷል። ጋልቤ፣ ጎረምሶቹን ቀድሜ፣ ከፈረስ እንደወረድሁ ደረቴን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ግራ ክንዴ ዛለ፤ ላብ አጠመቀኝ። «መጋኛ መታው!» አሉ። ፌጦና ዝንጅብል አመጡ፤ አፍንጫዬ ሥር አሹልኝ፤ ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይዘው «ደሙ ይንቀሳቀስ» እያሉ ሜዳውን አዞሩኝ። «ቃሬዛ ይምጣ» ያለም ነበር። ልጄ፣ አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ የጊዮርጊስ ለት ከፈረስ ሜዳ በቃሬዛ የወጣ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ሲነሣ ይኖራል። «ዳማዬን አምጡ» አልሁ። ተደግፌ ወጣሁ፤ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ቤቴ ገባሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ለእንግዶቹም ጠጅ ሳስቀዳ አመሸሁ፤ እኔ ግን አልቀመስሁም።

ማግስቱን እናትህ ከንፈሬ ጠቁሮ ስታየኝ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ቢሻውን አስጠራች። ደረቴን አዳመጠ። ኋላ «ግራዝማች፣ ይህ መጋኛ አይደለም፤ ልብዎ ነው» አለኝና ሕመሙን የሚያስታግስ መርፌ ወጋኝ። ስሜነሽ ከምታስተምርበት ከዳንግላ ቴሌግራም መታችልህ። የሆነው ይኸው ነው። እንግዲህ አንተ እኔ በነበርሁበት ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ቃሬዛው ላይ ትተኛ ነበር? አዎ ካልኸኝ ፈረስ ያስተማርሁህ በከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቅያሜዬ ልምጣ።

መስከረም ላይ ስለ ሥራህ ጽፈህልኝ ነበር። የልብ የደም መንገድ ሲደፈን የልቡ ሥጋ ወዲያው ሁሉም አይሞትም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች መድኃኒት ቢደርስለት የቀረው ይተርፍ እንደሆነ እየሞከርን ነው ብለኸኝ ነበር። እኔ «እንደሆነ» የምትለዋን ዘልዬ ለአገሩ ሁሉ «ልጄ የልብ መድኃኒት አገኘ» ብዬ አወራሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አወራሁ፤ በገበያ አወራሁ፤ እስከ ጥሊሊ ድረስ ተሰማ። እንዳወራሁ ደግሞ በሽታው መጣና ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን ያዘኝ። ሰው ሁሉ «እድለኛ ነህ፤ መድኃኒቱ ከቤትህ ነው» አለኝ። እኔም መድኃኒቱን ላክልኝ ብዬ ጻፍሁልህ፤ የጠየቅሁህ መሬት አይደለም፤ የበቆሎ ፍሬ የምታህል ክኒን ነው።

«አልልክልዎትም» ብለህ መለስህ።

ምክንያቶችህን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ ዳኛ ነበርሁና ክርክር አልፈራም። «መድኃኒቱ የሚጠቅመው ሕመሙ እንደጀመረ ነው፤ የርስዎ ጊዜ አልፏል» አልኸኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እሺ፣ አለፈ። ዳግመኛ ቢመጣብኝስ? በትራሴ ሥር ቢቀመጥልኝ ምን ይጎዳህ ነበር?

«መድኃኒቱ የልብን ምት ያቀዘቅዛል፤ አንዱን ይጠቅም ይሆናል፣ የደከመውን ልብ ግን ጭራሽ ሊያቆመው ይችላል፤ ገና አላወቅንም» አልኸኝ። እሺ፣ አላወቃችሁም። ታዲያ ለእንግሊዙ ስትሰጠው አውቀህ ነው? ለሱ ሳታውቅ ትሰጣለህ፤ ለአባትህ ሳታውቅ ትከለክላለህ። ከሁለታችን ያዘንኸው ለማን ነው?

«የወሰደው ሰው ልቡን የሚያዳምጥ ሐኪም አጠገቡ መዋል አለበት፤ እዚያ ማን ያዳምጥልዎታል?» አልኸኝ። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። ማን ያዳምጥልኝ? ያስተማርሁት ልጄ ነዋ! ለፋሲካ እመጣለሁ ብለህ አልነበር? አሁን ደግሞ ሙከራው እስኪያልቅ ዓመት ይቀራል ትለኛለህ። የማታውቀው ሰው ደረት ላይ ጆሮህን ለጥፈህ ትውላለህ፤ የኔን ደረት ቢሻው በየሳምንቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ብሎ ያዳምጥና «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎኝ ይሄዳል።

የአጎቴ ልጅ አየነው ሊጠይቀኝ ሲመጣ መልስህን ነገርሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲሉ እሰማ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁ።» ስቆብኝም ሄደ። ደህና ሰው ብሆን በዱላ እከተለው ነበር።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የደብዳቤህ መጨረሻ ነው። ለበሽተኞቹ መድኃኒቱን የምትሰጡት በዕጣ ነው አልኸኝ። ዕጣ የወጣለት እውነተኛውን ክኒን ይውጣል፤ ያልወጣለት መልኩ ያንኑ የሚመስል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ክኒን ይውጣል። በሽተኛው አያውቅም። የሚሰጠው ሐኪም ራሱ አያውቅም። የአስተማሪያችሁ የትልቁ ሐኪም ወንድም ታሞ ሲመጣ እንኳ የወጣለትን ወሰደ እንጂ ማንም አልመረጠለትም፤ ይህንንም እንደ ጥሩ ነገር ትነግረኛለህ። ሳነበው ደብዳቤህን ወረወርሁት። እናትህ ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራገፈችው። ጻዕር ላይ ባለ ሰው ዕጣ ይጣላል? የአይሁድ ወታደሮች እንኳ ዕጣ የጣሉት በልብሱ ላይ ነው እያልሁ ስጮህ ዋልሁ። ቄስ ምህረቴ ደግሞ ወታደሮቹ አይሁድ ሳይሆኑ የሮም መሆናቸውን አስረድተውኝ ሄዱ። ያ ቀን በሁሉ የተረታሁበት ቀን ነበር።

አሁን የምነግርህ ባለፈው እሑድ የሆነውን ነው።

የወይዘሮ ያለምወርቅ ወራሾች፣ ሦስቱ የልጃቸው ልጆች፣ ርስታቸውን ላካፍላቸው መጡ። እኔ ሜዳ መውረድ ስላልቻልሁ ሽማግሎቹ መሬቱን ለክተው ሦስት ቦታ ከፍለውታል፤ አንደኛው የወንዙ ዳር ጥቁር አፈር ነው፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ዐለት የበዛበት ተረተር። ከወራሾቹ አንዱ ክንዴ ነው። ክንዴን ታውቀዋለህ፤ አንተ ከሄድህ ወዲህ እንጨቴን የሚፈልጥልኝ፣ አጥሬን የሚያጥርልኝ፣ አሁንም ፈረሴን ውሃ የሚያጠጣልኝ እሱ ነው። አባት የለውም፤ ቤት ሊሠራ ፈልጎ ቦታ አጥቶ ይኖራል። ሁለቱ ወንድሞቹ የአባቱ እንጂ የእናቱ ልጆች አይደሉም፤ ሌላም መሬት አላቸው።

ታላቅየው «ግራዝማች፣ እርስዎ ታመዋል፤ ዕጣ እያልን አናድክምዎ። ለማን የትኛው እንደሚገባ እርስዎ ይንገሩን፤ እንቀበላለን» አለኝ። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ክንዴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አንድ ቃል ብናገር ወንዙ ዳር የሱ ነበር። ማንም ይግባኝ አይልም፤ መንደሩም «ፈረደ» ይለኛል።

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ኋላ ግን አባቴ ያስተማረኝ ልማድ ያዘኝና «ዕጣው ይጣል» አልሁ። ሥርዓቱን ልጅ ሳለህ አይተኸዋል። አንዱ ጠጠር አመጣ፣ አንዱ የዋንዛ ቅጠል፣ ክንዴ የበግ በጠጥ አመጣ። የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ፍለጋ ሰው ወጣና ከጥሊሊ ድንች ጭና የመጣች ማናለብሽ የምትባል ሴት ይዞ ገባ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሦስት እንጨት በሦስቱ መሬት ስም መደብ ላይ አጋደምሁ። ሴትዮዋ ሦስቱን ነገር በእጇ ይዛ ልታስቀምጥ ስትል ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝም በል!» ብዬ ጮህሁበት። «አንቺም ወደሱ አትይ፤ ፊትሽን ወደ በሩ አዙሪ። የሚያድለው ሰው ካወቀ ዕጣ አይባልም!»

ይህን እንደተናገርሁ አፌ ተከፍቶ ቀረ። አየነውም ነበረና «ምነው፣ ሕመሙ ተነሣብህ?» አለኝ። «የለም» አልሁት፤ «ልጄ ከእንግሊዝ አገር ሆኖ ረታኝ።» ማንም አልገባውም።

የወንዙ ዳር ለታላቅየው ወጣ። ክንዴ ተረተሩን አገኘ። በጠጡን ከእንጨቱ አጠገብ አንሥቶ፣ ጉልበቴን ስሞ «እሺ፣ አባባ» አለኝ። እኔም የወጣለትን አጸናሁ። በማግስቱ እንደ ወትሮው መጥቶ እንጨት ሲፈልጥ ሰማሁት፤ እያንዳንዱ ምሳር ደረቴ ላይ የሚያርፍ መሰለኝ።

ልጄ፣ አሁን ገብቶኛል። በእጃችሁ መርጣችሁ ብትሰጡ ለምትወዱት ትሰጣላችሁ፣ ወይም ሊድን ለሚመስለው ትሰጣላችሁ፤ ሲድን ደግሞ «መድኃኒቱ አዳነው» ትላላችሁ። ፍሬው የአፈሩ ይሁን የአራሹ ማንም ሳያውቅ ይቀራል። መርዝም ቢሆን እድሜ ልክ ለሰው ሲሰጥ ይኖራል። ለኔ ብለህ አንዲት ክኒን ከዚያ ብታነሣ እኔ ጉሮሮውን ለጠረገው ሰውዬ እንደ መፍቀድ ነው። እሺ፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ስለገባኝ የተውሁህ አይምሰልህ። ክንዴም የዕጣው ነገር ገብቶታል፤ ተረተሩ ግን አሁንም ዐለት ነው። ገብቶኝም ተናድጃለሁ፤ እንዲያውም የምናደድበት ሰው አጥቼ ብቻዬን መናደዴ ብሶብኛል።

ከዚህ በታች ያለውን ለእናትህ አላነብላትም።

ሕመሙ ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን የሄዱ መስሎኝ በባዶ እግሬ ተነሥቼ ዳማን ለማየት ጋጣ ገባሁ። አንገቱን ዳብሼው ስመለስ ያ ጨምዳጅ ያዘኝ። የመጀመሪያውን ያህል አልበረታም፤ ግን ከግራ ክንዴ አልፎ መንጋጋዬን ያዘኝ፣ እንደ ሸማ ጠመዘዘኝ፣ ላቡም ቀዝቃዛ ነበር። ግርግሙን ይዤ ቆየሁ። ሲለቀኝ እየዳከርሁ አልጋዬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እግሮቼ ማታ ማታ ያብጣሉ፤ ጠፍጣፋ ሆኜ ብተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ አነጋለሁ። እናትህ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «ጀርባዬን አሞኝ ነው» እላታለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ እንድትደነግጥ አይደለም። ለሥራህ ከጠቀመህ ጻፈው። ባዶው ክኒን ከሚደርሳቸው ወገን ቁጠረኝ። ባዶዋንም አላገኘሁ፤ ቢሆንም ወገኖቼ እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ከጎጃም፣ መድኃኒት ያላገኘ፣ ሁለት ጊዜ የያዘው፣ ይህን ያህል ቆየ ብለህ ከነሱ ጋር ደምረኝ። ቢያንስ ልጄ ባለበት ሥራ ውስጥ ገባሁ እላለሁ።

ፍርዴ ይህ ነው። የተጀመረ ዕጣ በመሀል ከተቋረጠ ደም ያፋስሳል፤ አይቻለሁ። ስለዚህ ሥራህን <s>ጨርሰህ</s> ና።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋ ነበር። እናትህ ግን እንዝርቷን አስቀምጣ «አንቱ፣ እጅዎ እየጻፈ አፍዎ ለምን ዝም አለ?» አለችኝ።

«ሰላምታ ነው የምጽፈው» አልኋት።

«የማክሰኞውን ጻፉለት?»

ብዕሩን አስቀመጥሁ። «ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም ነበር» አለችኝ፤ «ግርግሙን ይዘው ሲያጣጥሩ ከጋጣው በር ቆሜ አየሁዎ። ገብቼ ብይዝዎ የሚያፍሩ መሰለኝ። አልጋዎ እስኪገቡ ድረስ ከኋላዎ ነበርሁ።» ሌሊት ሌሊት ተቀምጬ ሳነጋም እያየችኝ ተኝታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔ እሷን ሳታልላት፣ እሷ እኔን ስታታልለኝ ሳምንቱ አልፏል።

ከዚያ በኋላ የዘለልሁትን ሁሉ አነበብሁላት። «ሥራህን ጨርሰህ ና» የምትለዋ ላይ ስደርስ በአገውኛ አጉረመረመች። እናትህ ከአማርኛ ወደ አገውኛ ከተሻገረች ነገር ከርሯል ማለት ነው። «ያች ‹ጨርሰህ› ምን ልትሠራ ገባች?» አለችኝ።

የወራሾቹን ነገር፣ የሴትዮዋን ፊት ወደ በር ማዞር፣ የተቋረጠ ዕጣ የሚያመጣውን ጣጣ ሁሉ አስረዳኋት። ሁሉንም ሰማችኝ። ሲያበቃ እንዲህ አለችኝ፤ «የሚያድለው ሰው የማያውቅ መሆን አለበት አላሉኝም? እንግዲያው ማንም ቢያድለው ያው ነው። ለዚያ ሥራ ሌላ ሰው ይገኛል። ለዚህ ቤት ግን ሌላ አስማረ አልወለድሁም።»

ልጄ፣ በዳኝነት ዘመኔ ብዙ ጠበቃ ሰምቻለሁ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም። አንተም እንዳትፈልግ። ከላይ የተሰረዘችውን ቃል የሰረዝኋት እኔ ነኝ፤ እሷ ብዕሩን እያየች።

እመብርሃን መንገድህን ትክፈትልህ። የምታክማቸውንም ሁሉ፣ ዕጣ የወጣላቸውንም ያልወጣላቸውንም፣ እግዚአብሔር ይማራቸው። ስሜነሽ ትስምሃለች። እናትህ ዘውድነሽ የምትልህን ከላይ ሰምተሃል።

ና።

አባትህ
ግራዝማች አበረ